የቀረበ ይሸከም፦ አገሮች የስደተኛን ኃላፊነት ሲካፈሉና ሳይካፈሉ የኖሩበት መቶ ዓመት

ስለ ስደተኞች የሚደርሰን ወሬ ቁርጥራጭ ነው። አንድ ሰሞን በሜዲትራኒያን ጀልባ ሰጠመ ይባላል፤ ሌላ ሰሞን የአውሮፓ መንግሥታት በጥገኝነት ጠያቂዎች ጉዳይ ተወዛገቡ ይባላል፤ ከዚያ ደግሞ በጋምቤላ ወይም በአሶሳ መጠለያ ጣቢያዎች ራሽን ተቀነሰ የሚል ዜና ይመጣል። ሦስቱን ዜናዎች የሚያገናኛቸው አንድ ጥያቄ አለ። ከአገሩ የሸሸን ሰው የመቀበል ኃላፊነት በአገሮች መካከል የሚከፋፈለው በምን መስፈርት ነው? ታሪኩን ከመነሻው የተከታተለ ሰው መስፈርት እንደሌለ ይረዳል። መንግሥታት ባለፉት መቶ ዓመታት ከሁለት ግዴታዎች አንዱን ብቻ ሕግ አደረጉ። ደጃቸው የደረሰውን ሰው ወደ አሳዳጁ እንዳይመልሱ በፊርማቸው ተገደዱ፤ ደጃቸው ያልደረሰውን ከጎረቤቱ አገር ጋር መካፈልን ግን ለበጎ ፈቃድ ተዉት። ሁለተኛው ግዴታ ሳይጻፍ በመቅረቱ ማን ምን ያህል እንደሚሸከም የሚወስነው ካርታ ሆነ። ይህ ደግሞ በዕድል የመጣ ነገር አይደለም፤ በተለያዩ ጊዜያት በስም በሚታወቁ ጉባኤዎች የተመረጠ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1921–1938፦ ከናንሰን ወረቀት እስከ ኤቪያን

በ1920 መገባደጃ ላይ ቦልሼቪኮችን ሲዋጋ የነበረው የነጮቹ ጦር ክራይሚያን ሲለቅ ወደ 150,000 የሚጠጉ ሩሲያውያን በመርከብ ታጭቀው ቁስጥንጥንያ ደረሱ። ከተማዋ ራሷ በአንደኛው የዓለም ጦርነት አሸናፊዎች እጅ የነበረች፣ የራሷንም ሕዝብ ማብላት የተቸገረች ነበረች። በአውሮፓ የተበተኑት ሩሲያውያን በጠቅላላው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሲሆኑ፣ በ1921 ማብቂያ የሶቪየት መንግሥት ዜግነታቸውን ገፈፋቸው። የመንግሥታቱ ማኅበር በዚያው ዓመት ኖርዌጂያዊውን የዋልታ አሳሽ ፍሪድዮፍ ናንሰንን የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር አድርጎ ሾመ። ናንሰን ቶሎ የተረዳው ነገር ቢኖር ስደተኛውን ቁስጥንጥንያ ላይ ያሰረው የወረቀት እጦት መሆኑን ነው። በ1922 «የናንሰን ፓስፖርት» የተባለው የመታወቂያ ሰነድ ወጣ፤ ውሎ አድሮም ከ50 በላይ መንግሥታት ተቀበሉት። አቅም ያለው ስደተኛ በአምስት የወርቅ ፍራንክ የናንሰን ምስል ያለበትን ቴምብር ገዝቶ ይለጥፍበታል፤ ገንዘቡም ለተቸገሩት ስደተኞች መርጃ ይውላል። ስደተኛው ስደተኛን የሚረዳበት መዋጮ ነበር ማለት ነው።

ሰነዱ ግን አንድም መንግሥት በሩን እንዲከፍት አያስገድድም ነበር። ክፍፍል የተደረገው በሥራ ገበያ በኩል ብቻ ነው። በ1920ዎቹ አጋማሽ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ከናንሰን ቢሮ ጋር ሆኖ ስደተኞችን ሠራተኛ ከሚፈልጉ አገሮች ጋር ያገናኝ ጀመር። በጦርነቱ ወጣቶቿን ያጣችው ፈረንሳይ ለማዕድን ጉድጓዶቿና ለፋብሪካዎቿ ሰው ትፈልግ ስለነበር ብዙዎቹን ወሰደች። በ1929 የዓለም ኢኮኖሚ ሲወድቅ ግን ይህ በር ተዘጋ። መካፈሉ የቆመው በፍላጎት ላይ ብቻ ስለነበር ፍላጎቱ ሲጠፋ አብሮ ጠፋ። ናንሰን በ1930 ሞተ፤ ሂትለር ሥልጣን የያዘው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ከጀርመን ለሚሸሹት የተሾመው ኮሚሽነር ጄምስ ማክዶናልድ ከመንግሥታት በር ላይ ሲመላለስ ከርሞ በታኅሣሥ 1935 በይፋ ደብዳቤ ሥራውን ለቀቀ። በደብዳቤው ያስጠነቀቀው የስደቱ ምንጭ የሆነው አገር ሳይነካ ስደተኛን ብቻ ማስተዳደር እንደማይቻል ነበር። ጀርመን በመጋቢት 1938 ኦስትሪያን ስትጠቀልል የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጉባኤ ጠሩ፤ 32 አገሮች በሐምሌ ወር በፈረንሳይዋ የሐይቅ ዳር ከተማ ኤቪያን ተሰበሰቡ። የጉባኤው ዕጣ የተወሰነው ግን ከመከፈቱ በፊት ነው፤ የመጥሪያው ደብዳቤ ማንም አገር በሥራ ላይ ያለው ሕጉ ከሚፈቅደው በላይ ሰው እንዲቀበል እንደማይጠየቅ ቃል ገብቶ ነበርና። ልዑካኑ ዘጠኝ ቀን ሙሉ እየተነሡ አዘኔታቸውን ገለጹ፤ ከዚያም እያንዳንዳቸው ለምን እንደማይችሉ አስረዱ። የአውስትራሊያው ልዑክ አገራቸው የዘር ችግር ስለሌለባት ከውጭ ማስገባት እንደማትፈልግ ተናገሩ። ሰፋ ያለ ቁጥር ያቀረበችው ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ስትሆን እስከ 100,000 ሰው እቀበላለሁ አለች፤ በሶሱዋ የሰፈሩት በመጨረሻ ጥቂት መቶዎች ናቸው። አምባገነኑ ትሩሂዮ በ1937 ሄይቲያውያንን ካስጨፈጨፈ በኋላ ስሙን ለማደስ ይፈልግ እንደነበር መዘንጋት የለበትም። በዚያው ዘመን ከፋሺስት ወረራ ሸሽተው ወደ ኬንያ፣ ወደ እንግሊዝ ሶማሌላንድና ወደ ሱዳን የተሻገሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ የኤቪያን አጀንዳ ግን ጀርመንና ኦስትሪያ ብቻ ስለነበር የእነሱን ጉዳይ ያነሣ አልነበረም።

በቀጣዩ ዓመት «ሴንት ሉዊስ» የተባለችው መርከብ 937 መንገደኞች ይዛ ከሃምቡርግ ተነሣች። ኩባ ከጥቂቶች በስተቀር አላሳርፍም አለች፤ አሜሪካና ካናዳም አልተቀበሏትም፤ ወደ አውሮፓ ተመለሰች። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ፣ ቤልጅየምና ሆላንድ መንገደኞቹን ተካፈሏቸው። እንግሊዝ የገቡት ከሞላ ጎደል ሲተርፉ በሦስቱ አገሮች የቀሩትን ጀርመን በ1940 ደረሰችባቸው፤ 254ቱ ሞቱ። አንዱን ከሌላው የለየው የደረሰው ድልድል ነው።

1950–1951፦ ከአንቀጽ ወደ መግቢያ የወረደው ቃል

ከጦርነቱ በኋላ የተረቀቀው የስደተኞች ስምምነት ብዙውን ጊዜ የሚወሳው ባስገኘው ነገር ነው። አንቀጽ 33 ስደተኛን ሕይወቱ ወይም ነጻነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት ድንበር መመለስን ይከለክላል፤ ይህ ታላቅ ነገር ነው። ያስቀረውን ነገር የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ቢሮ በ1950 መጀመሪያ ባዘጋጀው ቀዳሚ ረቂቅ ውስጥ፣ ፈራሚዎቹ የመጀመሪያ መጠጊያ የሆኑትን አገሮች ሸክም በተቻለ መጠን እንዲያቃልሉ፣ ለዚህም የተወሰነ ቁጥር ስደተኛ ወደ ግዛታቸው እንዲቀበሉ የሚጠይቅ አንቀጽ ነበር። በድርድሩ ሂደት አንቀጹ ወጣ። በሐምሌ 1951 በጄኔቫ 26 አገሮች ባጸደቁት ስምምነት ውስጥ የተረፈው በመግቢያው ላይ ያለ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ጥገኝነት መስጠት በአንዳንድ አገሮች ላይ ከባድ ሸክም ሊጥል እንደሚችልና ያለ ዓለም አቀፍ ትብብር መፍትሔ እንደማይገኝ ይገልጻል። መግቢያ የሐሳብ መግለጫ ነው፤ በመግቢያ ማንም አይከሰስም።

ገንዘቡም በተመሳሳይ መንገድ ተወሰነ። ሥራውን በጥር 1951 የጀመረው የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ለሦስት ዓመት ብቻ የተቋቋመ ነበር። በመቋቋሚያ ደንቡ መሠረት ከድርጅቱ መደበኛ በጀት የሚከፈለው የአስተዳደር ወጪው ሲሆን ሌላው ሁሉ በበጎ ፈቃድ ልገሳ ይሸፈናል። የስምምነቱ ትርጉም ራሱ ከጥር 1951 በፊት በተፈጠሩ ሁኔታዎች የተሰደዱትን ብቻ የሚመለከት ሲሆን፣ የፈለገ መንግሥትም በአውሮፓ ብቻ ሊወስነው ይችል ነበር። ለነዚህ ሁሉ ገደቦች መከራከሪያ ማቅረብ ይቻላል፤ አርቃቂዎቹ የተጨነቁት ብዙ ግዴታ ከጫንን ማንም አይፈርምም ብለው ነው፣ ፍርሃታቸውም ከንቱ አልነበረም። ነገር ግን ያን ጊዜ ለጊዜው ተብሎ የተተወው ጉዳይ ከዚያ ወዲህ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተመልሶ ወደ አንቀጽነት አልገባም።

1956–1957፦ ኦስትሪያ

በኅዳር 1956 የሶቪየት ታንኮች ቡዳፔስት ሲገቡ ሃንጋሪያውያን ወደ ምዕራብ ጎረፉ። ብዙዎቹ በአንዳው መንደር አጠገብ ባለች፣ በውሃ ቦይ ላይ በተጋደመች ትንሽ የእንጨት ድልድይ ተሻገሩ፤ ወታደሮች በዚያው ወር አፈራርሰዋት እንኳ ሰዎች በግንድና በሳንቃ እየተረማመዱ ማለፋቸውን ቀጠሉ። ወደ 180,000 የሚሆኑት ኦስትሪያ፣ ወደ 20,000 የሚሆኑት ዩጎዝላቪያ ገቡ። ኦስትሪያ ከአራቱ ኃያላን ጦር ነጻ የወጣችው ገና በቀደመው ዓመት ነበር። ድንበሯን ክፍት አድርጋ ወዲያው ለዓለም ጥሪ አቀረበች፤ እኔ በሬን አልዘጋም፣ እናንተ ግን ከቤቴ ውሰዱልኝ ነበር ነገሩ። በአሥር ሳምንት ውስጥ ወደ 100,000 የሚጠጉ ሰዎች ወደ ሌሎች አገሮች ተጓዙ፤ በመጨረሻ የወሰዷቸው አገሮች 37 ደረሱ።

ይህ ሁሉ የሆነው ሕግ ሳያዝዝ ነው። እንዲያውም በጠባቡ ካነበቡት ስምምነቱ ከ1951 በኋላ የመጡትን አያውቃቸውም ነበር፤ ኮሚሽኑ የስደቱ ሥር ከዚያ በፊት የተተከለ ነው ብሎ ተርጉሞ አለፈው። ሃንጋሪያውያኑ አብዛኛዎቹ ወጣቶች፣ የተማሩና ባለሙያዎች ነበሩ፤ በምዕራቡ ዓለም ሥራ ሞልቷል፤ ከኮሚኒዝም የሸሸ ሰው መቀበልም በቀዝቃዛው ጦርነት የፖለቲካ ድል ነበር። እነዚህ ምክንያቶች ሥራውን አያሳንሱትም፤ ከሁለት መቶ ሺህ ሰው ውስጥ ለዓመታት በካምፕ የማቀቀው ጥቂት ነውና። ነገር ግን መካፈል የማይቻል ነገር ነው የሚለውን አባባል ለመመለስ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ተችሏል፤ በፍጥነትም ተችሏል።

1967–1969፦ አዲስ አበባ

የ1967ቱ ፕሮቶኮል የዘመን ገደቡን አነሣ፤ የአካባቢ ገደቡም ለአዲስ ፈራሚዎች ቀረ። ያለመመለስ ግዴታ ዓለምን አዳረሰ፤ የመካፈል ጉዳይ ባለበት ቆመ። በዚያን ጊዜ አፍሪካ ከፖርቱጋል ቅኝ ግዛቶች፣ ከሩዋንዳ፣ ከኮንጎና ከደቡባዊ ሱዳን የሸሹ ሰዎችን ታስተናግድ ነበር። ኢትዮጵያ ከሱዳን የሚመጡትን ስትቀበል፣ ከኤርትራ የሚሸሹት ደግሞ ከ1967 ጀምሮ ወደ ሱዳን መሻገር ጀምረዋል።

የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መሪዎች በመስከረም 10 ቀን 1969 አዲስ አበባ ላይ የፈረሙት የስደተኞች ስምምነት በሁለት ነገር ከጄኔቫው ይበልጣል። አንደኛው የታወቀው ነው፤ በግል የሚሳደደውን ብቻ ሳይሆን ከውጭ ወረራና ሕዝባዊ ጸጥታን በእጅጉ ከሚያናጋ ሁከት የሚሸሸውንም ስደተኛ አለው። ሁለተኛው እምብዛም አይነሣም፤ በአንቀጽ ሁለት አንድ አባል አገር ጥገኝነት መስጠቱን ለመቀጠል ከተቸገረ ለሌሎቹ አቤት ሊል እንደሚችል፣ እነሱም በአፍሪካዊ ወንድማማችነት መንፈስ ሸክሙን ለማቃለል ተገቢውን እርምጃ እንደሚወስዱ ይደነግጋል። ጄኔቫ ላይ ወደ መግቢያ የወረደው ሐሳብ አዲስ አበባ ላይ ወደ አንቀጽ ወጣ ማለት ነው። የጎደለው ማስፈጸሚያው ነበር፤ ድርሻን የሚያሰላ ቀመር፣ የሚሰበስብ አካል፣ ያልከፈለን የሚጠይቅ ሥርዓት አልተበጀለትም። አቤት የሚባልባቸው አገሮችም ራሳቸው ድሆችና ራሳቸው ተቀባዮች ነበሩ። ሀብታሙ ዓለም በዚህ ፊርማ ውስጥ አልነበረም።

1979–1984፦ ሦስት ጉባኤዎች በአንድ ከተማ

በ1979 አጋማሽ የቬትናም የጀልባ ስደተኞች የደቡብ ምሥራቅ እስያን ዳርቻ አጥለቀለቁ። ማሌዥያ ጀልባዎችን ወደ ባሕር ትገፋ ነበር። ታይላንድ በሰኔ ወር ከ40,000 በላይ ካምቦዲያውያንን በአውቶቡስ ጭና በፕሪያ ቪሄር ገደል አፋፍ ላይ አወረደቻቸውና ቁልቁል እንዲወርዱ አስገደደች፤ ግርጌው በፈንጂ የታጠረ ነበር። በወሩ መጨረሻ አምስት የአካባቢው አገሮች ከእንግዲህ አዲስ ሰው አንቀበልም አሉ። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ኩርት ዋልድሃይም በሐምሌ 65 መንግሥታትን ጄኔቫ ላይ ሰበሰቡ። እዚያ የተደረገው ልውውጥ ለታሪካችን ቁልፍ ነው። ጎረቤቶቹ በራቸውን ለጊዜያዊ መጠለያ ክፍት ያደርጋሉ፤ ሩቆቹ ደግሞ ስደተኞቹን በቁጥር ይወስዳሉ። ቃል የተገባው ቁጥር ከ125,000 ወደ 260,000 አደገ። ቬትናምም ሰዎች በሕጋዊ መንገድ የሚወጡበትን ሥርዓት ተቀበለች። በቀጣዮቹ አሥራ አምስት ዓመታት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ወደ ሦስተኛ አገር ተሻገሩ። ከ1989 ጀምሮ ግን ማጣሪያ መጣ፤ ስደተኛ አይደላችሁም የተባሉት፣ አንዳንዶቹም በግድ፣ ተመለሱ። ስምምነቱ ንጹሕ ነበር የሚል የለም፤ የሚሠራ ግን ነበር፤ እያንዳንዱ ወገን የሚሰጠውም የሚያገኘውም ነገር በግልጽ ነበረው።

በዚያችው ከተማ በ1981 እና በ1984 ስለ አፍሪካ ስደተኞች ሁለት ጉባኤዎች ተደረጉ። በሱዳን፣ በሶማሊያ፣ በዛየርና በሌሎችም አገሮች ብዙ መቶ ሺህዎች ተጠልለው ነበር፤ አስተናጋጆቹ የጠየቁት ከእርዳታ እህል በላይ ነው። ስደተኛው የሚጠቀምበት መንገድ፣ ውሃ፣ ክሊኒክና ትምህርት ቤት የአገሬው ስለሆነ የልማት ገንዘብ ጠየቁ። ጥያቄው ፍትሐዊ ነበር፤ ዛሬም ሁሉ የሚደግፈው ሐሳብ ነው። ለጋሾቹ ግን ገንዘባቸውን ለሚወዷቸው መንግሥታት መደቡ፤ አስተናጋጆቹም ዘላቂ መፍትሔ ለመስጠት ቃል አልገቡም፤ በ1984 ረሃቡ መጥቶ ትኩረቱን ሁሉ ወሰደው። የኢንዶቻይናውን ውል የመሰለ መተሳሰሪያ ስላልነበረ ከጉባኤዎቹ የቀረው ወረቀት ነው።

ልዩነቱ በሱዳን ገዳሪፍ አካባቢ ባለችው ኡም ራኩባ መጠለያ ጎልቶ ይታያል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከኢትዮጵያ የሸሹ ሰዎች በብዛት ሰፍረውባታል። ከመካከላቸው ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ፤ በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ብዙዎቹ በበሽታና በረሃብ ረግፈዋል። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 እስራኤል «ዘመቻ ሙሴ» በተባለው ምስጢራዊ በረራ ወደ 8,000 የሚሆኑትን ከሱዳን ወሰደች። አሜሪካም ከ1980ው የስደተኞች ሕጓ በኋላ ከሱዳን ካምፖች ኢትዮጵያውያንንና ኤርትራውያንን ማስፈር ጀመረች፤ በዋሽንግተንና በሌሎች ከተሞች ላሉት ማኅበረሰቦች አንዱ መሠረት ይህ ነው። ሌላው ሕዝብ በዚያው ድንኳን ቀረ። የሚወስደው አገር የኔ ነው ያለው ወይም የፈለገው ሰው ሄደ፤ ፈላጊ ያልነበረውን ጎረቤት ያዘው።

1990–2013፦ ደብሊን

አውሮፓውያን የውስጥ ድንበራቸውን ሊያነሡ ሲዘጋጁ በሰኔ 1990 ደብሊን ላይ አንድ ስምምነት ፈረሙ። የአንድ ጥገኝነት ጠያቂ ጉዳይ የሚታየው በአንድ አገር ብቻ ነው፤ የትኛው አገር እንደሆነም በቅደም ተከተል ይወሰናል። ቤተሰብ ካለው ቤተሰቡ ያለበት፣ ቪዛ ካለው ቪዛ የሰጠው፣ ሁለቱም ከሌለው መጀመሪያ የገባበት አገር። ዓላማው ስደተኛው ከአገር አገር እየተወረወረ ማንም ጉዳዩን ሳያይለት እንዳይቀር ነበር ይላሉ ደጋፊዎቹ፤ ይህም እውነት አለው። በተግባር ግን ብዙው ሰው ቪዛም በአውሮፓ ቤተሰብም የሌለው ነው፤ ስለዚህ ሕጉ የባሕር ጠረፍ ያላቸውን አገሮች ተጠያቂ አደረገ። በዓለም ደረጃ ካርታው በዝምታ ሲሠራ የኖረውን አውሮፓ በጽሑፍ ደነገገችው።

ጀርመን በ1992 ብቻ ከ430,000 በላይ የጥገኝነት ማመልከቻ ተቀብላለች፤ ከቦስኒያ ጦርነትም ወደ 350,000 ሰው አስጠልላለች። በ1994 ስደተኞችን በድርሻ እንካፈል ብላ ሐሳብ ስታቀርብ አጋሮቿ እምቢ አሉ። ከዚያ በኋላ የድንበሩ መስመር ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ሲገፋ ተራው የግሪክና የጣሊያን ሆነ፤ ያኔ ደግሞ ሰሜኖቹ ደንቡ ደንብ ነው አሉ። እያንዳንዱ አገር ለመካፈል የተሟገተው ሸክሙ በእሱ ላይ ሲሆን ብቻ ነው።

ከጥር 2003 ጀምሮ ዩሮዳክ የተባለው የጣት አሻራ መዝገብ ሥራ ጀመረ። በሊቢያ ተሻግሮ ላምፔዱዛ የወረደ ወጣት አሥሩም ጣቶቹ በማሽን ይነሣሉ፤ ጀርመን ወይም ስዊድን ደርሶ እጁን ሲሰጥ ኮምፒዩተሩ ጣሊያን ይላል፤ ከወራት ጥበቃ በኋላ የመመለሻ ደብዳቤ ይደርሰዋል። አሻራው እንዳይነበብ የጣታቸውን ጫፍ በእሳት እስከማቃጠል የደረሱ አሉ። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በጥር 2011 ቤልጅየም አንድን አፍጋናዊ ወደ ግሪክ መመለሷ የሰብዓዊ መብት ጥሰት ነው ሲል ፈረደ፤ የግሪክ ሥርዓት መፈራረሱ ለሁሉ የታወቀ ነበርና። በየካቲት 2012 ደግሞ ጣሊያን ሶማሌዎችንና ኤርትራውያንን ከባሕር ላይ ወደ ሊቢያ መመለሷን አወገዘ። ፍርዶቹ አለመመለስን አጸኑ፤ ያዘዙት መካፈል ግን የለም፤ የሚያዝዙበት ሕግ አልነበረማ። በጥቅምት 2013 ላምፔዱዛ አጠገብ በሰጠመችው ጀልባ ከ360 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ።

2015–2016፦ ያልተሳካው ኮታ

በ2015 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው በባሕር አውሮፓ ገባ። የአውሮፓ ኅብረት በመስከረም 160,000 ጥገኝነት ጠያቂዎችን ከጣሊያንና ከግሪክ ወደ ሌሎች አባላት ለማዛወር ወሰነ። ቼክ፣ ስሎቫኪያ፣ ሃንጋሪና ሩማንያ ተቃወሙ፤ በድምፅ ብልጫ አለፈ። ፕሮግራሙ ሲዘጋ የተዛወሩት ወደ 35,000 የሚጠጉ ብቻ ነበሩ። የኅብረቱ ፍርድ ቤት አንወስድም ያሉት አገሮች ግዴታቸውን ጥሰዋል ሲል በ2020 ፈረደ፤ ዘግይቶ ስለነበር ለማንም አልጠቀመም።

ከዚህ ብዙዎች የሚወስዱት ትምህርት ኮታ አይሠራም፣ ሉዓላዊ አገርን ማስገደድ አይቻልም የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ በቁም ነገር ሊመለስ ይገባል። የ2015ቱ እቅድ የወደቀው መካፈል የማይቻል ስለሆነ አይደለም፤ በ1956 እና በ1979 የሠሩት ሁለት ነገሮች ስለጎደሉት ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ አገር ራሱ ያቀረበው ቁጥርና በምላሹ የሚያገኘው ነገር አልነበረም። ሁለተኛ፣ ስደተኛው ራሱ ቋንቋውን ወደማያውቀው፣ ዘመድ ወደሌለው አገር ሲመደብ አልተጠየቀም፤ ሰው ደግሞ እንደ ጭነት የትም አይራገፍም፤ ወደ ዘመዱ ይሄዳል። እምቢ ማለትም በጊዜው ምንም አላስከፈለም።

ኅብረቱ የተሻለ ውል ከመሥራት ይልቅ ወደ ገንዘብ ዞረ። በመጋቢት 2016 ቱርክ ከግሪክ ደሴቶች የሚመለሱትን ልትቀበልና መተላለፊያውን ልትዘጋ፣ አውሮፓ በሁለት ዙር 6 ቢሊዮን ዩሮ ልትሰጥ ተስማሙ። ገንዘብም የመካፈል ድርሻ ነው የሚሉ ሰዎች ግማሽ ትክክል ናቸው። ሦስት ሚሊዮን ሶርያዊ ያስጠለለ አገር ገንዘብ ያስፈልገዋል፤ ብዙ ስደተኛም ቋንቋውንና ባህሉን በሚያውቀው ጎረቤት አገር መቆየትን ይመርጣል። ችግሩ የሚመጣው ገንዘቡ ቦታን ሲተካ ነው። ያን ጊዜ አስተናጋጁ በሩን የሚያየው እንደ መደራደሪያ ነው፤ ቱርክ በየካቲት 2020 ሰዎችን ከእንግዲህ አላስቆምም ስትል፣ ኬንያም በ2016 የዳዳብን የስደተኞች መጠለያ እዘጋለሁ ስትል የታየው ይህ ነው። የሚወስድ ሳይኖር የሚከፍል ብቻ ሲበዛ ስደተኛው መያዣ ይሆናል።

2016–2019፦ ኒውዮርክ፣ እንደገናም አዲስ አበባ

በመስከረም 2016 በኒውዮርክ በተደረገው የመሪዎች ጉባኤ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር ከተባባሪ አዘጋጆቹ አንዷ ነበረች። ዘጠኝ ቃል ገባች፤ ከነዚህም ውስጥ ስደተኞች ከካምፕ ውጭ እንዲኖሩ፣ እንዲሠሩና እንዲማሩ መፍቀድ ይገኙበታል። ለጋሾች ደግሞ ለኢንዱስትሪ ፓርኮች 500 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አቀረቡ፤ ከ100,000 የሥራ ቦታዎች 30,000ው ለስደተኞች እንዲሆን ታቅዶ ነበር። በጥር 2019 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1110 በአህጉሩ ለስደተኞች ሰፊ መብት ከሰጡት ሕጎች አንዱ ሆነ። በኢትዮጵያ ውስጥ ይህን የሚቃወሙ ሰዎች ክርክር ቀላል አይደለም፦ የራሳችን ወጣት ሥራ አጥቶ፣ የራሳችን ተፈናቃይ በድንኳን እያለ ለሌላው እንዴት? መልሱ ስደተኛውን መግፋት አይደለም፤ ወደ ጠረፉ የሚመጣው ሰው ፈቃድ ጠይቆ አይመጣምና። ክርክሩ በትክክል የሚያረጋግጠው ቃል የተገባው ገንዘብና ቦታ የድሃ አስተናጋጅ መብት ሊሆን እንደሚገባ ነው፤ ኢትዮጵያ ድርሻዋን በሕግ ስትጽፍ የሌሎቹ ድርሻ በመግለጫ ቀርቷል።

ዓለም አቀፉ የስደተኞች ኮምፓክት በታኅሣሥ 2018 በጠቅላላ ጉባኤው ቀረበ። 181 አገሮች ደገፉ፤ አሜሪካና ሃንጋሪ ተቃወሙ፤ ኤርትራ፣ ሊቢያና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ሰነዱ ሸክምንና ኃላፊነትን መጋራትን ከመግቢያ አውጥቶ ዋና ርዕሱ አደረገው፤ ወዲያውም አስገዳጅ ሕግ አለመሆኑን ይናገራል። አስገዳጅ ቢሆን 181 ድምፅ አያገኝም ነበር የሚሉት ትክክል ሳይሆኑ አይቀሩም። በ1951ም የተባለው ይኸው ነበር።

ከ2020 ወዲህ

በኅዳር 2020 የትግራይ ጦርነት ሲጀመር በጥቂት ወራት ከ60,000 በላይ ሰው ወደ ሱዳን ተሻገረ፤ ኡም ራኩባ እንደገና ተከፈተች። በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ በሱዳን ሲነሣ መንገዱ ተገለበጠ፤ ሰዎች በመተማና በኩርሙክ ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። በአማራ ክልል አውላላ መጠለያ የነበሩ ሱዳናውያን ጥቃትና ዝርፊያ ሲበዛባቸው በ2024 ጣቢያውን ትተው ጫካ ውስጥ ሰፈሩ። ተቀባዩ ራሱ በጦርነት ውስጥ ሆኖ እንኳ ቅርብ በመሆኑ ብቻ ተቀባይ እንደሚሆን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

በዚሁ መሀል አውሮፓ አይቻልም ሲባል የኖረውን አደረገች። ከዩክሬን የሚሸሸው ሕዝብ ሲጎርፍ ከ2001 ጀምሮ አንድም ቀን ያልተሠራበት የጊዜያዊ ጥበቃ መመሪያ በመጋቢት 4 ቀን 2022 ሥራ ላይ ዋለ። ኮታ አልነበረም፤ ሰዎቹ አገሩን ራሳቸው መረጡ፤ ወዲያው የመሥራት መብት አገኙ፤ ከአራት ሚሊዮን በላይ ሰው ተጠለለ። ዩክሬን ጎረቤት ስለሆነች ነው ይባል ይሆናል። ስፔንና አየርላንድ ግን ለዩክሬን ጎረቤት አይደሉም፤ ተቀብለዋል። የጎደለው አቅም እንዳልነበረ ታየ። በዚያው ዓመት እንግሊዝ ጥገኝነት ጠያቂዎችን ወደ ሩዋንዳ ለመላክ ተዋዋለች፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በ2023 ሕገ ወጥ ነው ብሎ አገደው፤ በ2024 አዲሱ መንግሥት ተወው።

በ2024 የጸደቀው የአውሮፓ የስደተኞች ፓክት አባል አገሮች በየዓመቱ መዋጮ እንዲያደርጉ ያስገድዳል፤ ሰው የማይወስድ በአንድ ሰው 20,000 ዩሮ ሊከፍል ይችላል። መካፈል ግዴታ ሆኖ መጻፉ አዲስ ነገር ነው፤ የሚመለከተው ግን አውሮፓ የደረሰውን ብቻ ነው፤ ከዓለም ስደተኞች ሦስት አራተኛ የሚሆኑትን የያዙት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው አገሮች በስሌቱ የሉበትም። በጥር 2025 አሜሪካ ስደተኞችን የማስፈር ፕሮግራሟን አቋረጠች፤ የስደተኞች ኮሚሽኑም በሰኔ ወር ገንዘብ በማጣቱ ወደ 3,500 የሥራ መደቦችን እንደሚዘጋ አስታወቀ።

ለዓለም አቀፍ ሥራ መዋጮ መመደብ የማይታወቅ ነገር ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ የማይቀር ነው ባልን ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የሰላም አስከባሪ ጦር ግን በልገሳ አይኖርም፤ እንደ እድር መዋጮ እያንዳንዱ አባል በአቅሙ ልክ የተመደበለት ድርሻ አለው፤ ሰንጠረዡም በየሦስት ዓመቱ በጠቅላላ ጉባኤው ይጸድቃል። ይኸው ሰንጠረዥ ለስደተኞች ኮሚሽን በጀት፣ ቀስ በቀስም ለሚወሰዱ ሰዎች ቁጥር መነሻ ሊሆን ይችላል፤ በ1979 እንደታየው ሰው የሚወስድና ገንዘብ የሚሰጥ አገር ድርሻውን በተለያየ መልክ ሊያሟላ ይችላል። አንድ ተቃውሞ ይቀራል፦ የተመደበውንም መዋጮ ቢሆን ኃያላኑ በወቅቱ አይከፍሉም። እውነት ነው፤ ውዝፉ ብዙ ነው። ልዩነቱ ያልተከፈለው ነገር ዕዳ ተብሎ መመዝገቡ ነው። በቻርተሩ አንቀጽ 19 መሠረት ውዝፉ የሁለት ዓመት መዋጮውን ያህል የደረሰ አገር በጠቅላላ ጉባኤው ድምፅ የመስጠት መብቱን ያጣል፤ ለስደተኞች ኮሚሽን አንድ ዶላር ያልሰጠ መንግሥት ግን ዛሬም በሙሉ መብት ድምፁን ይሰጣል።